ጋሽ ታሰውና ነጩ ችካል

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት እናት ክንዴን ያዝ አድርገው «እኚያ ዛፍ የሚለኩት ሰውዬ ጠፉ እኮ፤ ደህና ናቸው?» አሉኝ። ደህና ናቸው፣ ሚኒሶታ ልጃቸው ጋ ጠቅልለው ሄዱ አልኳቸው። ሴትዮዋ ትንሽ አሰብ አደረጉና «ይሁን፣ እዚያም ዛፍ አይጠፋም» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከዴንቨር ለቆ የሄደ ሰው ከዚህ የተሻለ ሽኝት ሲያገኝ አላየሁም።

ጋሽ ታሰው ከሄዱ ወር ሊሆናቸው ነው። ሰባ አልፏቸዋል፣ ልባቸውም አንዴ ተከፍቶ ተሰፍቷል፤ ስለዚህ ልጃቸው ብቻቸውን እንዲኖሩ አልፈቀደችም። አውሮፕላን ማረፊያ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። አላለቀስኩም፤ ይህን ስል ልበ ደንዳና ሆኜ አይደለም። ሰው ሲርቅ «ምነው ያኔ በነገርኩት ኖሮ» የሚባል ነገር ሆድ ውስጥ ይቀራል። እኔ ለጋሽ ታሰው ሳልነግራቸው የቀረ ነገር የለኝም። ልነግራቸው ፈርቼ ዐሥር ቀን እህል ያስጠላኝን ነገር እንኳ ነግሬያቸዋለሁ። የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

ያወቅኳቸው ሥራ ባጣሁበት ዓመት ነው። ኮሜርስ ሲቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት እነዳ ነበር። መጋዘኑ ወደ ሌላ ስቴት ሲዛወር እኔን ሳይዝ ሄደ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ቆሜ ይህንኑ ለአንዱ ሳማርር፣ አጠገባችን የቆሙ ቀጭን ረጅም ሽማግሌ ድንገት «ቁጥር ሲነበብልህ ሳትሳሳት ትጽፋለህ?» አሉኝ። እጽፋለሁ አልኩ። «ሁሉም እንደዚያ ይላል» አሉና ሰኞ ጠዋት ግሌንዴል ከሚኖሩበት አፓርትመንት በር ላይ እንድጠብቃቸው ነገሩኝ። የምን ሥራ እንደሆነ የጠየቅኳቸው መኪና ውስጥ ገብተን ከዴንቨር ከወጣን በኋላ ነው። ሥራ የፈታ ሰው ብዙ አይጠይቅም።

ሥራው እንዲህ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ተራራው በሚጀምርበት ቦታ፣ ከብዙ ዓመት በፊት በእሳት የጋየ አንድ ተዳፋት አለ። ከእሳቱ በኋላ የጥድ ችግኝ ተተከለበት። ችግር የሆነው ከእሳት በኋላ ከጥዱ ቀድሞ የሚነሳው ቁጥቋጦ መሆኑ ነው፤ ውኃውንም ፀሐዩንም ይሻማል። ታዲያ ቁጥቋጦውን በየትኛው መንገድ ብንቆጣጠረው ነው ችግኙ ከዓመታት በኋላ ደህና ዛፍ የሚሆነው? ይህን ለማወቅ ተዳፋቱ ለአራት ተከፍሎ በየጥጉ ባለቀለም ችካል ተተክሏል። በቀዩ ችካል ውስጥ ቁጥቋጦው በእጅ ይቆረጣል። በቢጫው ፀረ አረም መድኃኒት ተረጭቷል። በሰማያዊው ፍየል ይለቀቃል። በነጩ ግን ምንም አይደረግም፤ ማንም አይነካውም። ያ ነጩ የሌሎቹ ሁሉ ማመሳከሪያ ነው። እኛ በያመቱ ጥቅምት ላይ፣ የዓመቱ እድገት ሲያበቃ፣ የእያንዳንዱን ችግኝ ቁመትና የግንዱን ውፍረት እንለካለን። ይህ የምነግራችሁ ነገር በደረሰበት ዓመት ጋሽ ታሰው ሥራውን ከጀመሩ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሀገር ቤት የደን ባለሙያ ነበሩ፤ አሜሪካ መጥተው ብዙ ዓመት የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ኖረው ነው ወደ ሙያቸው የተመለሱት። እንዲህ አድርጎ የተመለሰ ሰው ሥራውን እንዴት እንደሚይዝ ገምቱት።

አለካካቸው ለእኔ ለቸኳዩ ፈተና ነበር። አንዲት የምንጣፍ ቁራጭ ይዘው ይዞራሉ፤ በየችግኙ ሥር ያነጥፉና ይንበረከካሉ። ቁጥሩን ጮክ ብለው ያነባሉ፣ እኔ ደግሜ እላለሁ፣ እሳቸው «አዎ» ይላሉ፣ ከዚያ ነው የሚጻፈው። ሳልደግም ከጻፍኩ ልክም ብሆን ያሰርዙኛል። ስሰርዝ ደግሞ በአንድ መስመር ብቻ ነው፤ ድፍን አድርጌ ማጥፋት አይፈቀድልኝም። የተሳሳትኩት ቁጥር ከመስመሩ ሥር መነበብ አለበት። አንድ ጊዜ እፍረቴን ለመሸፈን ጥቁር አድርጌ ደፈንኩት። መዝገቡን አገላብጠው አዩና «እዚህ ጋ ምን ደበቅክ?» አሉኝ። ሦስት ቁጥር ነው ብላቸውም እስከ ማታ አላመኑኝም።

አይቆጡም ግን። ዐሥር ጊዜ ብሳሳት ዐሥር ጊዜ በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚያርሙኝ። እኔ ሰው ይቅርና ቀይ የትራፊክ መብራት ላይ እንኳ የምቆጣ ሰው ነኝ። እኚህ ሰውዬ ሲፈጠሩ ቁጣ የሚታደልበት ቀን አልነበሩም ብዬ ደምድሜ ነበር። አንድ የሚገርመኝ ጸባይ ግን ነበራቸው። ምሳ ሰዓት ሲሆን ዳቧቸውን በልተው ቦርሳቸውን ያነግቱና ከጉብታው ጀርባ ይጠፋሉ። ሰዓት ያህል ቆይተው ጉልበታቸው አፈር ነክቶ ይመለሳሉ። ለጸሎት ነው ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም። የሰው ጸሎት አይጠየቅም።

ሲሰለቸኝ የትኛው ችካል እንዳሸነፈ እንዲነግሩኝ እወተውታቸው ነበር። በቢጫው ውስጥ ያሉት ቀድመው ተስፈንጥረው ነበርና «ይኸው መድኃኒቱ አሸነፈ» ስላቸው «ጠብቅ» ይሉኛል። በቀዩ ውስጥ ያለው ቁጥቋጦ በተቆረጠ ቁጥር ከሥሩ በእጥፍ ያቆጠቁጣል፤ ቀዩን ናቅሁት። «ጠብቅ።» ፍየሎቹ አንዳንዴ ችግኙንም ይቀምሱታል። «ጠብቅ።» ነጩ ውስጥ ያሉት ጥዶች ቀጫጮች ነበሩ፤ የሚታዩትም ቁጥቋጦው ገለጥ ተደርጎ ነው። ግን ዝናብ በጠፋበት ዓመት የሌሎቹ ቅጠል ሲቃጠል እነሱን ጥላው አትርፏቸው ነበር። ይህን ራሳቸው አሳዩኝና «ዐሥር ዓመት ለጥድ ገና ጥርስ ማውጣቱ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉኝ። አክለውም «ነጩ ከሌለ ግን ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። ከምን ጋር ታስተያየዋለህ?» አሉ። ስለዚህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። በደንብ አውቅ ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ ታመሙ። ልባቸው ነው ተባለ፣ ኦሮራ ሆስፒታል ገቡ፣ ኦፕራሲዮን ተደረጉ። የቀዩ ችካል ቁጥቋጦ የሚቆረጥበት ጊዜ ደርሶ ነበር። ብቻዬን አልጨርሰውም። በዚህ ስብሰለሰል የቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን አባል እትዬ ወርቅነሽ ደወሉልኝ። እትዬ ወርቅነሽ እንግልውድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ይሠራሉ፤ ጎጃም ገበሬ ቤት ያደጉ፣ ሰው ታመመ ሲባል እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ የማይሆንላቸው ሴት ናቸው።

«ሆስፒታል ተሰልፈን ምን እንጠቅማቸዋለን?» አሉኝ። «ቪዚተር እንደሆነ ሁለት ሁለት ነው የሚያስገቡት። ሥራቸውን ብንሠራላቸው አይሻልም? ሌበር ደይ ሁላችንም ኦፍ ነን።»

ሙከራውን የሚያሠራው ቢሮ ኃላፊ ሊንዳ የምትባል ፈረንጅ ናት። በጎ ፈቃደኞች ይምጡ ወይ ብዬ ስጠይቃት ደስ አላት፤ የሚፈረም ወረቀት ላከች። በዚያ የሠራተኞች በዓል ቀን ጠዋት ዐሥር ሰው በሦስት መኪና መጣ፤ ከእኔ ጋር ዐሥራ አንድ ሆንን። ሦስቱ የሌሊት ሺፍት ሠርተው ሳይተኙ ነው የመጡት። ቀዩን ችካል አሳየኋቸው፤ ቁጥቋጦው ይቆረጥ፣ ጥዱ አይነካ አልኳቸው። ትልልቅ መቀስ አደልኳቸው። እትዬ ወርቅነሽ ግን ማጭድ ከቤታቸው ይዘው መጥተው ነበር። ኦሮራ ውስጥ ማጭድ ከየት እንዳገኙ ዛሬም አላውቅም።

አንዱ ወደ ነጩ እየጠቆመ «ያኛውስ?» አለኝ። ነጩ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ስላልነካው ደን መስሎ፣ ጥዶቹ በቁጥቋጦው ተውጠዋል። እዚህ ላይ ቁጭ ብዬ የነጩን ነገር ማስረዳት ነበረብኝ። እኔ ግን ቀልደኛ ነኝ። «እሱ ወላጅ አልባ ነው፣ ለእሱ አታስቡ» አልኩና ሳቅን።

ሥራው ሞቀ። የተቀኘም ነበር። ወደ ረፋዱ ላይ ውኃ አለቀብን፤ እኔ ለማምጣት ወረድኩ። የቅርቡ ነዳጅ ማደያ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። እዚያ ደግሞ ስልክ ስለሚሠራ ሆስፒታል ደወልኩ፤ ነርሷ እስክታነሳ፣ እኔ ስማቸውን ፊደል በፊደል እስክነግራት፣ ደህና አደሩ እስክባል ቆየሁ። ደስ ብሎኝ በረዶ ገዛሁ፣ ሐብሐብም ገዛሁ። ተመልሼ መኪናዬን ሳቆም ሁሉም ጥላ ሥር ተቀምጠው እየሳቁ ነው። ቀዩ ጥርት ብሏል። ከቀዩ አልፌ ሳይ አራቱ ነጭ ችካሎች ራቁቱን በቀረ መሬት ላይ ቆመዋል።

እትዬ ወርቅነሽ ላባቸውን እየጠረጉ መጡ። «ቶሎ ስለጨረስን ያንን ምስኪንም አጸዳንላቸው» አሉ። «አሳዘነን።»

ደቦ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ደቦ የወጣ ሰው የባለቤቱን ማሳ ጨርሶ ጀንበር ከቀረችው፣ አጠገቡ ያለውን የአቅመ ደካማ ማሳ በአረም ተውጦ እያየ ዝም ብሎ አይመለስም። ማንም ሳያዝዘው ይገባበታል፤ ምስጋናም አይጠብቅም። እኔ ወላጅ አልባ ብዬ የነገርኳቸው ደግሞ ለእንደነዚህ ያሉ ሰዎች ነው። ጥዶቹን አንድም አልነኩም። ከሥራቸው ያለውን ግን እንደ ጤፍ ማሳ አርመውታል። ምን ልበላቸው? እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ሐብሐቡን ቆርጬ አደልኩ። እኔም በላሁ፤ ወረደ አልወረደ አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ለጠላቴም አልመኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት የተንበረከኩበት ሥራ በአንድ ረፋድ፣ በእኔ ቀልድ ጠፋ። ቤት ተቀምጬ ሒሳብ አወጣለሁ። ቁጥቋጦው ሥሩ አልተነቀለም፤ በሚመጣው ዓመት ያቆጠቁጣል፣ በሁለተኛው ይሸፍነዋል። የምንለካው ጥዱን ነው፤ ጥዱ አለ። ሊንዳ ወደዚያ የምትወጣው አልፎ አልፎ ነው። ዝም ብል ማን ያውቃል? ደግሞም ሕመምተኛ ክፉ ወሬ አይነገረውም። በሀገራችን ወንድም ሞቶ እንኳ የታመመ ሰው እስኪሻለው ይደበቃል። ይህን ወግ ስንት ጊዜ እንዳመሰገንኩት! ግን ሆስፒታል እየሄድኩ አልጋቸው አጠገብ ስቀመጥ «ተዳፋቱ እንዴት ነው?» ይሉኛል፤ «ደህና ነው» እላለሁ። በዚያች ቃል ውስጥ ሦስት ቁጥር ሳይሆን ዐሥራ አንድ ዓመት ደፍኜ እንዳጠፋሁ ይሰማኛል። ዝም ካልኩ እሳቸውን የውሸት ቁጥር ጽፈው እንዲያልፉ ማድረግ ነው እንግዲህ። ልናገር ስል ደግሞ ልባቸውን አስባለሁ፤ ደረታቸው ላይ ያለው ስፌት በሸሚዛቸው አንገት በኩል ይታየኛል።

ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው በገቡ በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ። ከበሩ ሳልርቅ፣ እንደቆምኩ ተናገርኩ።

«ጋሽ ታሰው፣ ነጩ ተመንጥሯል።»

ቢላዋውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ማን መነጠረው?»

«እኛ። ቀዩን ልንሠራልዎት በደቦ ወጥተን።»

«ሰው ተጎዳ?»

«አልተጎዳም።»

«ስንት ነበራችሁ?»

«ዐሥራ አንድ።»

«ዐሥራ አንድ ሰው» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። እኔ ያን ጊዜ ያጠናሁትን ሁሉ ለቀቅኩት፤ ቁጥቋጦው እንደሚመለስ፣ ማንም እንደማያውቅ፣ ሊንዳ ባትሰማም እንደሚሆን። ሳልጨርስ መዝገቡን እንዳመጣ ነገሩኝ። ዕለቱንና የሆነውን አጻፉኝ። «በበጎ ፈቃደኞች ስህተት» ብዬ ጻፍኩ። በአንድ መስመር አሰረዙኝ። ያልተነገረው ሰው ተሳሳተ አይባልም፤ ያልነገራቸው ማን ነው አሉኝ። ስሜን ጻፍኩ። መዝገቡን ተቀብለው ከስሜ ሥር የራሳቸውን ስም ጻፉ፤ አጠገቡም «በነጩ ዙሪያ ገመድ አላሠርኩም» ብለው አከሉበት። አዩት፣ አደረቁት፣ ዘጉት።

ከዚያ በኋላ ነው ያንን ወደ ጉብታው ጀርባ የሚወስዱትን ቦርሳ ያስወጡኝ። ውስጡ አንድ አረንጓዴ ደብተር አለ። ዐሥራ አንድ ዓመት፣ በያንዳንዱ ጥቅምት፣ ቁመትና ውፍረት በእጃቸው ተጽፎበታል። ራስጌው ላይ «ሁለተኛ ነጭ» ይላል። ከጉብታው ጀርባ፣ በዚያው አፈር፣ በዚያው ቀን፣ በተረፈ ችግኝ የተከሉት፣ ማንም ያልነካው ሌላ ነጭ ነበር። ምሳ ሰዓታቸውን እየሰጡ ብቻቸውን ሲለኩት ኖረዋል።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማህም?» አሉኝ።

ተንደርድሬ ሽንት ቤት ገባሁ። ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ፤ ዐሥር ቀን የያዘኝ ነገር ሁሉ ወጣልኝ። ስመለስ ብርቱካኑን ከፍለው ግማሹን በእኔ በኩል አስቀምጠውልኛል። ቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት አልኳቸው። ቀድመው ቢነግሩኝ ሌላ ነጭ አለ ብዬ ተዘናግቼ በደንብ እንደማልጽፍ ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው።

ሊንዳ ጋ አብረን ሄድን። እንግሊዝኛው እኔን እየተናነቀኝ፣ ሥራዬን ተሰናብቼ እንደምወጣ እርግጠኛ ሆኜ ሁሉንም ነገርኳት። መዝገቡን አነበበች፣ ደግማም አነበበችው። ጋሽ ታሰው አረንጓዴውን ደብተር ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩና የመጀመሪያውን ዓመት ዕቅድ እንድታወጣ ጠየቋት። ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ በጥቃቅን ፊደል፣ ሁለተኛው ነጭ ተጠቅሷል፤ ከሥሩ የራሷ ፊርማ አለ። ፈርማ ረስታዋለች። መነጽሯን አወለቀችና መሳቅ ጀመረች፤ እኔም ሳልፈልግ ሳቄ መጣ። ሥራው አልጠፋም። እንዲያውም የተመነጠረው ነጭ ራሱን የቻለ ጉዳይ ሆኖ ይለካ ተባለ። እኔ ላይ የወደቀው ቅጣት በሁለቱም ነጮች ዙሪያ ገመድ መወጠርና ምልክት መስቀል ነበር። እንደዚያ ቀን በደስታ ገመድ ወጥሬ አላውቅም።

እኔ ነገሩ እዚህ አለቀ ብዬ ነበር። ጋሽ ታሰው ግን ለደቦው ሰዎች ካልተነገራቸው በሚመጣው ዓመት ከጉብታው ጀርባ ያለውንም ያርሙታል አሉ። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ፣ ገና አካሄዳቸው ሳይጠና፣ ሁሉንም ወደ ተዳፋቱ ጠሯቸው። አሁን ቀስ ብለው አስረዷቸው፤ ቀዩ ይህ ነው፣ ቢጫው ይህ ነው፣ ሰማያዊው ይህ ነው። ነጩ ጋ ስንደርስ ከሁሉ በፊት የገባቸው እትዬ ወርቅነሽ ናቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ይቅር ይበሉን ጋሽ ታሰው» አሉ። «አላወቅንም።»

ጋሽ ታሰው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ገና ያልዳነ ደረታቸውን በአንድ እጃቸው ደግፈው፣ በዕድሜ ለሚያንሷቸው ሴት ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። «እናንተ ናችሁ እኔን ይቅር የምትሉኝ» አሉ። እትዬ ወርቅነሽ ደንግጠው «ኧረ እርስዎ ምን አጠፉ?» ቢሏቸው ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ። ወደ ሁለተኛው ነጭ ወስደው አሳዩዋቸው፤ ሁሉም እፎይ አለ፣ መሣቅም ተጀመረ። እዚያው የያዝነውን በልተን ተለያየን።

መኪና ውስጥ ብቻችንን ስንሆን ምን ማለታቸው እንደነበር ጠየቅኳቸው። ረጅም መንገድ ከሄድን በኋላ ነገሩኝ። ወጣት ባለሙያ ሳሉ፣ ወሎ ውስጥ ከደሴ ወጣ ብሎ፣ እንዲህ ያለ ሙከራ ነበራቸው። የመጀመሪያ ልጃቸውን ክርስትና ሊያስነሱ ከተማ ወርደው ሲመለሱ፣ የአካባቢው ገበሬዎች ለልጁ ስጦታ ይሁን ብለው በደቦ ወጥተው፣ ያልተነካውን ቦታ ከዳር እስከ ዳር አርመው ጠበቋቸው። የአራት ዓመት ሥራ ነበር። ጋሽ ታሰው ሕዝቡ ፊት ገበሬዎቹ ላይ ጮኹ፤ ደንቆሮ ብለው ሰደቧቸው። አባ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ፣ አባታቸውን የሚያክሉ ሰው፣ ማጭዳቸውን እንደያዙ «ይቅር በለን ልጄ፣ አላወቅንም» አሏቸው። ጋሽ ታሰው ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። ከዓመታት በኋላ ይቅርታ ሊጠይቁ ሲመለሱ አባ ይመር ሞተዋል።

«ሁለተኛውን ነጭ ሥራው እንዳይጠፋ ብለው ነው የተዉት ብዬ ነበር» አልኳቸው።

«ሥራማ ቢጠፋ እንደገና ይሠራል። አንድ ቀን ደግሞ ሰው ደግ ሠራሁልህ ብሎ ሲመነጥርብኝ፣ አፌን የምይዝበት አጥቼ እንዳልገኝ ብዬ ነው።» ዞር ብለው አዩኝ። «ያን ቀን ቤቴ መጥተህ ስትነግረኝ… አፌን ያዝኩ?»

ሲጠይቁኝ የምር ነበር። ድምፃቸው ይህን ለማወቅ ዕድሜ ልኩን የጠበቀ ሰው ድምፅ ነው።

«ይዘዋል፣ ጋሽ ታሰው» አልኳቸው። «በደንብ ነው የያዙት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንበሩን ወደ ኋላ ዘርግተው ዓይናቸውን ጨፈኑና እስከ ግሌንዴል ድረስ ተኙ።